ደመወዙ የታወቀ ዲግሪ በስንት ይገዛል?

የአሜሪካ መንግሥት ለተማሪ ወላጆች የሚሰጠውን ብድር ጣሪያ አበጅቶለታል። በጁላይ 2025 የጸደቀው ሕግ እንደሚለው፣ ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ «ፓረንት ፕላስ» የተባለውን ብድር እንደ አዲስ የሚወስድ ወላጅ ለአንድ ልጅ በዓመት ከ20 ሺህ፣ በጠቅላላው ከ65 ሺህ ዶላር በላይ አያገኝም። ቀድሞ ልጁ ያገኘው ሌላ ዕርዳታ ተቀንሶ ኮሌጁ የጠራውን ዋጋ ያህል መበደር ይቻል ነበር። በዚህ ቅር የሚሰኝ ወላጅ እንደሚኖር አውቃለሁ። እኔ ግን ሕጉ እኛው ራሳችን አስቀድመን ልንጠይቀው ይገባ የነበረውን ጥያቄ አነሣልን እላለሁ፤ ይህ ዲግሪ ስንት ያስገኛል፣ ስንትስ ቢከፈልበት ያዋጣል?

ጥያቄው የወንጀል ጥናት ለሆነው ለክሪሚኖሎጂ ሲነሣ መልሱ ከብዙ ትምህርቶች ይልቅ ቅርብ ነው። የዘርፉ ዋና ቀጣሪ መንግሥት ስለሆነ ደመወዙ የተደበቀ አይደለም። የአሜሪካ የሠራተኛ ስታትስቲክስ ቢሮ ለሜይ 2023 ያወጣውን መካከለኛ የዓመት ደመወዝ፣ ማለትም እኩሌታው ሠራተኛ ከበላዩ፣ እኩሌታው ከበታቹ የሚገኝበትን መጠን እንይ። ፖሊሶችና መርማሪዎች 74,910 ዶላር፣ ፕሮቤሽን ኦፊሰሮች (በገደብ የተለቀቁ ጥፋተኞችን የሚከታተሉት) 61,800፣ የማረሚያ ቤት ጠባቂዎችና የችሎት ጥበቃዎች 53,290 ዶላር ነበራቸው። የአገሪቱ ሠራተኛ ሁሉ መካከለኛ ደመወዝ 48,060 ነበር። እንግዲህ ክሪሚኖሎጂ የድህነት ትምህርት አይደለም። «ነርሲንግ አይሻልህም ወይ?» የሚሉ እናትም ከሜዳ ተነሥተው አይናገሩም፤ በዚያው ዓመት የነርሶች መካከለኛ ደመወዝ 86,070 ዶላር ነበር።

በየቤቱ ክርክሩ እዚህ ላይ ይቆማል፤ ልጅ ዝንባሌውን፣ ወላጅ ደመወዙን ይዞ። ሁለቱም የሚዘነጉት ሦስተኛውን ቁጥር፣ የትምህርቱን ዋጋ ነው። የመንግሥት ደመወዝ በደረጃና በአገልግሎት ዘመን እንጂ በኮሌጅ ስም አይሰላም። በአንድ መሥሪያ ቤት በአንድ ቀን የተቀጠሩ ሁለት ፕሮቤሽን ኦፊሰሮች፣ አንዱ ከውድ የግል ዩኒቨርሲቲ፣ ሌላው በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ በኩል ቢመጡ፣ የደመወዝ ሰንጠረዡ አይለያቸውም። የሚለያያቸው በየወሩ ለብድር የሚቆረጠው ነው።

ልዩነቱን እናስላው። በ2024-25 የትምህርት ዘመን በአሜሪካ አማካይ የዓመት ክፍያ በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ 4,050 ዶላር፣ ለክፍለ ግዛቱ ነዋሪ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ 11,610፣ በግል ኮሌጅ 43,350 ዶላር ነበር። ሁለት ዓመት በመጀመሪያው፣ ሁለት ዓመት በሁለተኛው የተማረ ልጅ ለአራቱ ዓመት 31,320 ዶላር ይከፍላል። አራቱንም ዓመት በግል ኮሌጅ የተማረው 173,400። መኝታና ምግብ በዚህ ሒሳብ ውስጥ የሉም። የግል ኮሌጆች ከለጠፉት ዋጋ ላይ ብዙ ጊዜ እንደሚቀንሱ አይካድም፤ ስለዚህ የሚነጻጸረው ዕርዳታው ተቀንሶ ከቤት የሚወጣው ገንዘብ ነው። ቅናሹ ዋጋውን ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ጋር ካስተካከለው ክርክር የለኝም። ካላስተካከለው ግን አንድ ቤተሰብ 80 ሺህ ዶላር በ9 በመቶ ወለድ ተበድሮ በአሥር ዓመት ልክፈል ቢል፣ በወር ከ1,000 ዶላር በላይ ይጠየቃል። ይህ ታክስ ሳይነሣለት ከፕሮቤሽን ኦፊሰር መካከለኛ ደመወዝ አንድ አምስተኛው ነው።

በዋሽንግተን ዙሪያ ለሚኖረው ወገናችን ርካሹ መንገድ ደካማ መንገድ አይደለም። የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የክሪሚኖሎጂ ትምህርት ክፍል በአገሪቱ ስመ ጥር ከሆኑት አንዱ ነው፤ ዲግሪውም በሮክቪል ሼዲ ግሮቭ ስለሚሰጥ በሞንትጎመሪ ኮሌጅ የጀመረ ልጅ ከወላጆቹ ቤት ሳይወጣ ሊጨርሰው ይችላል። በቨርጂኒያ በኩል ኖቫ ከተባለው ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ወደ ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ የሚያሻግር «አድቫንስ» የተባለ ፕሮግራም አለ።

ከዋጋው ቀጥሎ መታየት ያለበት ዲግሪው የሚከፍተው በር ነው። በ1967 አንድ የፕሬዚዳንት ኮሚሽን የአሜሪካ ፖሊሶች ሁሉ ወደፊት የመጀመሪያ ዲግሪ እንዲኖራቸው መክሮ ነበር። በዓመቱ የወጣው ሕግ ለፖሊሶች የኮሌጅ ክፍያ በጀት ሲመድብ ኮሌጆች የትምህርት ክፍሉን ተሽቀዳድመው ከፈቱ። ያኔ ከፋዩ መንግሥት ነበር፤ ዛሬ ከፋዩ ቤተሰብ ሲሆን ቀጣሪው ግን ምክሩን አልተከተለም። የኒውዮርክ ፖሊስ በ2025 መጀመሪያ ከአመልካቾች ይጠይቅ የነበረውን 60 የኮሌጅ ክሬዲት ወደ 24 አወረደው። ኤፍቢአይ ለልዩ ወኪልነት ዲግሪ ቢጠይቅም የትምህርቱን ዓይነት አይወስንም፤ አካውንቲንግም ኮምፒውተርም የተማረ ያመለክታል። በቴሌቪዥን ድራማ ተማርኮ የወንጀል ላቦራቶሪ ውስጥ ልሥራ የሚል ልጅ ደግሞ የሚያስፈልገው ኬሚስትሪ ወይም ባዮሎጂ ነው። ክሪሚኖሎጂ ወንጀል ለምን እንደሚፈጸምና ኅብረተሰቡ እንዴት እንደሚመልስለት የሚያጠና የማኅበራዊ ሳይንስ ዘርፍ ነው፤ የደም ናሙና መመርመር አያስተምርም።

ለስደተኛ ቤተሰብ ሌላም ነገር አለ። የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች በአብዛኛው የአሜሪካ ዜግነት ይጠይቃሉ፤ ብዙ የፖሊስ መሥሪያ ቤቶችም እንዲሁ፤ ምንም እንኳ ካሊፎርኒያን የመሰሉ ግዛቶች በቅርቡ ቢያላሉትም። ግሪን ካርድ ያለውና ከወላጁ ጋር የሚኖር ልጅ 18 ዓመት ሳይሞላው አባቱ ወይም እናቱ ዜግነት ቢወስዱ እሱም ዜጋ ይሆናል። ስለዚህ የዜግነት ማመልከቻውን ዛሬ ነገ የሚል ወላጅ የልጁን ሥራ ጭምር እያዘገየ ይሆናል።

ብድሩም በሥራው ላይ ይመጣል። ኤፍቢአይ አመልካችን ወዲያው ከሚጥልባቸው ምክንያቶች አንዱ መንግሥት ዋስ የሆነለትን የተማሪ ብድር ሳይከፍሉ መቅረት ነው። ወደ ሥራው ይወስደኛል ብሎ የተበደረው ገንዘብ በሩን ሊዘጋበት ይችላል ማለት ነው። በአንጻሩ ከ2007 ጀምሮ ባለው ሕግ ለመንግሥት እየሠራ 120 ወርኃዊ ክፍያ በደንቡ የከፈለ ሰው የቀረው የፌዴራል ብድር ይሰረዝለታል፤ ፖሊስም ፕሮቤሽን ኦፊሰርም በዚህ ይጠቀማሉ። ልብ በሉ፤ የሚታየው የተበዳሪው ሥራ ነው። ፓረንት ፕላስ የፈረሙት አባት ታክሲ ነጂ ከሆኑ፣ ልጃቸው አሥር ዓመት ፖሊስ ሆኖ ቢያገለግል የእሳቸው ዕዳ በእሱ አገልግሎት አይሰረዝም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ ፊርማ በጥድፊያ አይሆንም። በወላጁ ድጎማ የሚኖር ተማሪ በራሱ ስም እስከ 31 ሺህ ዶላር የፌዴራል ብድር ያገኛል። ከላይ ካሰላነው 31,320 ጋር እኩል ማለት ይቻላል።

የእኔ መለኪያ እዚህ ላይ ነው። ክሪሚኖሎጂ ተማሪው በራሱ ስም በሚያገኘው ብድር ሊሸፈን የሚችል ከሆነ ይማረው፤ ከዚያ በላይ ወላጅን የሚያስፈርም ከሆነ የሚለወጠው ኮሌጁ እንጂ ትምህርቱ አይደለም። የሕግ ትምህርት ቤት ያሰበ ልጅማ ለመጀመሪያው ዲግሪ መቆጠብ የበለጠ ያስፈልገዋል፤ ትልቁ ወጪ ገና ከፊቱ ነው። ልጅን ከመረጠው ትምህርት ለማስለቀቅ በየቤቱ የሚፈሰው ጉልበት ዋጋውን ለማስቀነስ ቢውል፣ ልጅም ዝንባሌውን፣ ወላጅም ጡረታውን ያተርፋሉ።