መጠጡስ ተገዛ… የሚበላውስ?

እኔ ከደብረ ማርቆስ ብርድ በቀር የሚጎዳኝ የለም። እናላችሁ፣ ባለፈው አንድ ጓደኛዬ መንገድ ላይ አስቆመኝና «ቅዳሜ እቤቴ ልጆች ይመጣሉ፣ ቢራው ተገዝቷል፣ ምን ምን ላቅርብ?» ብሎ ጠየቀኝ። ሳቄ መጣ። እኔን መጠየቁ ነው ያሳቀኝ። ለምን? ታሪኩ ወዲህ ነው።

የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ያቺ ሦስት በአራት የሆነች የወንደላጤ ክፍሌ ውስጥ ሰባት ሰው ጠራሁ። አንድ ሳጥን ቢራ ገዛሁ። አንድ ሊትር ዳግም አረቄም ከገጠር አስመጣሁ። ለሚበላ ያዘጋጀሁት አንድ ሰፌድ ቆሎ ብቻ ነበር። «ሰው የሚመጣው ለመጠጥና ለጨዋታ ነው፣ ምግብማ እቤቱ አለ» የሚል ፍልስፍና ነበረኝ። (በነገራችን ላይ ይቺ ከተማ ድሮ መንቆረር ስትባል የነበረች፣ በ1873 ዓ.ም. የነገሡት የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት መናገሻ ናት። ጠጅ በገንቦ የሚፈስበት የንጉሥ ድግስ እንኳ «ግብር መብላት» ይባላል እንጂ «ግብር መጠጣት» አይባልም። ይህን ያሰብኩት ግን ዘግይቼ ነው።)

ከሁሉም ቀድሞ የደረሰው አንድ የድሮ የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ነበር። «በልተሃል?» ስለው «ጠግቤ ነው የመጣሁ» አለኝ። ከዚያ ግን ቆሎውን በእፍኝ በእፍኝ ያነሳው ጀመር። እኔም ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት «አንተ፣ ፈረስ ነህ እንዴ ገብሱን ብቻህን የምትጨርሰው?» አልኩት። ተሳቀ። እሱም አብሮ ሳቀ። ከዚያ በኋላ ግን እጁን ወደ ሰፌዱ አልሰደደም፤ ወደ አረቄው ዞረ።

ሁለት ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ልጁ በር ላይ ወደቀ። ያስመልሰዋል፣ ሲጠሩት በቅጡ አይሰማም። ልጆቹ «ቀዝቃዛ ውሃ እናፍስበት!» እያሉ ሲሯሯጡ አከራዬ ነጠላቸውን እንደተከናነቡ ወጡ። «ውሃ? በዚህ ብርድ? ልትገድሉት ነው?» ብለው ተቆጡና በጎኑ አስተኙት፤ ያስመለሰው ተመልሶ እንዳያንቀው ነው። ጋቢ አለበሱት። እኔና እሳቸው እስኪነጋ አጠገቡ ተቀመጥን። ሌሊቱን ሙሉ የተናገሩኝ አንድ ቃል ብቻ ነው፦ «አረቄ ለባዶ ሆድ! እናትህ እንዲህ አድርገህ እንግዳ ተቀበል አለችህ?»

ጠዋት ልጁ ሲነቃ ነገረኝ። ሥራ ካጣ ወር አልፎታል። ከሐሙስ ማታ ጀምሮ ደህና ነገር አልቀመሰም። «አንተ ቤት ምግብ አይጠፋም ብዬ ነበር የመጣሁት» አለኝ። ፈረስ ስላልኩት አንድም ነገር አላነሳም። ብትፈልጉ ሳቁብኝ፣ እኔ ግን ምጣድና ድስት የገዛሁት በዚያው ሳምንት ነው።

ነገሩን ሳጠያይቅ የተረዳሁት፣ ዳግም አረቄ ከመቶ አርባ እጅና ከዚያም በላይ አልኮል ሊሆን ይችላል፤ ቢራ ግን አምስት እጅ ገደማ ነው። ሆድ ውስጥ ምግብ ካለ አልኮሉ ወደ ደም የሚገባው ቀስ ብሎ ነው። ባዶ ሆድ ከሆነ ደግሞ በአንድ ጊዜ ነው የሚወጣው። ምግብ ስካርን ጨርሶ አያስቀርም፣ ፍጥነቱን ግን ይቀንሳል። ደግሞ አንድ ሰው ሰክሮ ሲቀሰቅሱት ካልነቃ ወይም ትንፋሹ ከዘገየ፣ ጋቢ አልብሶ መጠበቅ ሳይሆን ሐኪም ቤት መውሰድ ነው። እኛ ዕድለኞች ሆነን ነው።

እሺ፣ አሁን ወደ ማጀት እንግባ። እኔ የምተማመነው በድንች ነው። ለቾቄ ተራራ ጎረቤት ሆኖ በድንች የማይተማመን ማነው? ለስምንት ሰው ሁለት ኪሎ ይበቃል። ከዋዜማው ከነልጣጩ ቀቅላችሁ አሳድሩት። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃው የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ 100 አይደርስም። ስለዚህ ቆላ ያለ ዘመድ «ይህን ያህል ደቂቃ ይበቃዋል» ቢላችሁ አትመኑ። ሹካ ወግታችሁ አረጋግጡ። በማግስቱ ልጣጩን አንሱና ለሁለት ለሁለት ክፈሉት፣ ዘይት ባለው መጥበሻ ቡናማ እስኪሆን አገላብጡት፣ ጨውና ሚጥሚጣ ነስንሱበት። በስንጥር እየወጉ ይበሉታል። መብራት ቢጠፋ እንኳ ከሰል ላይ ይሠራል፤ መብራት ደግሞ እንግዳ ሲመጣ መጥፋት ይወዳል።

ሁለተኛው የእንጀራ ጥቅል ነው። ይህን ሳቀርብ «ከየት ተማርከው?» ያላለኝ የለም፣ ግን ቀላል ነው። የጎጃም ጤፍ እንጀራ ላይ ስስ አድርጋችሁ አይብ ትቀቡበታላችሁ፣ ትንሽ ሚጥሚጣና የተከተፈ ቃሪያ ትጨምሩበታላችሁ፣ አጥብቃችሁ ትጠቀልሉና በቢላ እንደ አውራ ጣት ትቆርጡታላችሁ። ሰሃንም እጅ መታጠብም አያስቸግርም።

ረቡዕና ዓርብ ወይም በሁዳዴ ከሆነስ? አይቡ ይቀርና አዚፋ ይተካዋል። ግማሽ ኪሎ ድፍን ምስር ቀቅሉና በከፊል ጨፍልቁት፤ ሲበርድ ሎሚ፣ ዘይት፣ ጨው፣ ቀይ ሽንኩርት፣ ቃሪያና ሰናፍጭ አዋህዱት። ሰናፍጩን እየቀመሳችሁ! እኔ መጀመሪያ ጊዜ እጄን ስላልሰበሰብኩ እንግዶቼ በሙሉ አለቀሱ። የአዚፋው ደግነት ቀዝቅዞ መበላቱ ነው፤ እናንተ ጨዋታው ላይ ትቀመጣላችሁ እንጂ ምድጃ ሥር አትቀሩም። «እኔ አልጾምም» የምትሉም ብትሆኑ የሚጾም እንግዳ ሊኖር ይችላልና ሁልጊዜ አንድ የጾም ነገር ይኑር።

አሹቅም አለላችሁ። ባቄላውን ትቆሉትና በትኩሱ ውሃ ውስጥ ትነክሩታላችሁ፤ ሲለሰልስ አንጠፍጥፉና ጨው፣ ዘይት፣ የደቀቀ ቃሪያ። ርካሽ ነው፣ ሆድ ይይዛል። እንቁላል ቀቅሎ በሚጥሚጣ ማቅረብንማ ሕፃን ልጅም ያውቀዋል። ቆሎውም ይኑር፣ ማነው ቆሎ ይቅር ያለው? ብቻውን አይሁን ነው የምለው።

ሥጋ ካማራችሁና ኪሳችሁ ከፈቀደ፣ ግማሽ ኪሎ አጥንት የሌለው አድቅቃችሁ ከተፉና በመጨረሻ ጥበሱት። መጀመሪያ ካቀረባችሁት በአምስት ደቂቃ ያልቅና ሰው «ሌላስ?» እያለ ያያችኋል። ድንቹ ካጠገበው በኋላ ሲመጣ ግን ግማሽ ኪሎዋ እንደ በሬ ትቆጠርላችኋለች። ሙስሊም ጓደኛ ካላችሁ ሥጋው እሱ የሚበላው ካልሆነ አስቀድማችሁ ንገሩት፣ ለእሱም ለስላሳውንና ቡናውን አትርሱ። «ለምን አትጠጣም?» እያሉ ሰውን ማስጨነቅም ይቅር። የማይጠጣ ሰው ቢኖር ደስ ይበላችሁ፤ ሌሎቹን እቤታቸው የሚያደርሳቸው እሱ ነው።

ሰዓቱን በተመለከተ፣ እኔ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ጠርቼ ሳይመሽ እሸኛለሁ። እንግዳ ሲገባ መጀመሪያ የምሰጠው ሰሃን ነው፤ ብርጭቆው ቆይቶ ይመጣል። «በልተሃል?» ብዬም አልጠይቅም። ምክንያቱም ያልበላ ሰው የሚሰጠውን መልስ አውቀዋለሁ።

ያ ጓደኛዬ አሁን ሥራ አግኝቷል፣ ይመስገነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሁሉም ቀድሞ ይመጣል፣ ድንቹንም የሚልጠው እሱ ነው። ባለፈው ቆሎውን በእፍኙ እየዘገነ «ፈረስህ መጣ!» ብሎኝ ገባ። ቤቱ በሙሉ ሳቀ። እኔ ግን ቶሎ መሳቅ አልቻልኩም፤ ምድጃው ጋ ሄጄ ድንቹን አገላበጥኩ።

በሉ ቸር ሰንብቱ። በሚቀጥለው ሳምንት፣ እንግዳ ከሄደ በኋላ የተረፈውን ድንች ምን እናድርገው የሚለውን እንጨዋወታለን፤ ከተረፈ ነው እንግዲህ።