ቪትዟን ከፍ ከማስደረጋችን በፊት

ባለፈው ክረምት ከሽሮ ሜዳ ወደ ስድስት ኪሎ እየወረድኩ ነበር። ዝናቡ አባርቷል፣ አስፋልቱ ግን ገና እርጥብ ነው። እንጨት የተሸከሙ አንዲት እናት ሳላስበው መንገድ ገቡ። ፍሬን ያዝኩ። ፍጥነቴ ቢበዛ አርባ ነው። መኪናዋ አፍንጫዋን ደፋች፣ የተቦረቦረው ቦታ ላይ ስትደርስ ደግሞ እንደ ኳስ ነጠረች። ጎማው መሬቱን እየለቀቀ መልሶ ሲይዝ መሪው ላይ ይሰማኛል። አንድ ክንድ ያህል ሲቀረኝ ቆመች። እናት ሸክማቸውን እንደያዙ ዞር ብለው አዩኝና «ምነው ልጄ?» አሉኝ። ሌላ ምንም አላሉም። መንገዳቸውን ቀጠሉ።

መልስ አልነበረኝም። የፍሬን ሸራዬ አዲስ ነው፣ ጎማዬም ደህና ነው። ታዲያ ምን ሆና ነው? መልሱን በማግስቱ ጋራዥ ውስጥ አገኘሁት። ጥፋተኛው እኔው ነበርኩ። ከሦስት ወር በፊት «ሆዷ እየመታ አስቸገረህ እኮ፣ ከፍ አስደርጋት» ተብዬ በሞላዎቹ መሀል ጎማ አስገብቼባት ነበር። ያረጀውን ሾክ አብዞርበር ግን «ገና ይሠራል» ብዬ ተውኩት። በርካሽ አሻሻልኩ ብዬ በሰው ሕይወት ቁማር ስጫወት ከርሜያለሁ ማለት ነው።

የዛሬው ጽሑፌ ስለ ምርጫም ስለ ጦርነትም አይደለም። ስለ መኪና እግር ነው። ከኑሯችን የራቀ እንዳይመስላችሁ ግን። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያረጁ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። ጥር 2016 ላይ ደግሞ መንግሥት ከኤሌክትሪክ ውጭ የሆኑ አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ ይመራ ተባለና 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ይህ ሁሉ ተደምሮ የሚነግረን አንድ ነገር ነው፤ ዛሬ በእጃችን ያለችው የሃያ ዓመት ቪትዝ ወይም ኮሮላ ገና ብዙ ዓመት ልትሸከመን ነው። የምንቀይራት አይደለችም፣ የምንጠግናት ናት። ስለዚህ «ባለኝ ትንሽ ገንዘብ እግሯን እንዴት ላሻሽል?» የሚለው ጥያቄ የመኪና ወዳጆች ጨዋታ መሆኑ ቀርቶ የአብዛኛው ባለመኪና ጥያቄ ሆኗል።

የእኔ አቋም ይህ ነው። ባጀታችሁ ትንሽ ከሆነ፣ ለዕለት ተዕለት መኪና ትልቁ ማሻሻያ ፋብሪካው ወደ ሠራት ነገር መመለስ ነው። ከፍ ማስደረግ፣ ዝቅ ማስደረግ፣ ትልቅ ቸርኬ መግጠም፣ ሁሉም ከዚያ በኋላ የሚመጡ ናቸው። አብዛኞቻችን ከኋላው ነው የምንጀምረው።

ለምን እንዲህ እንዳልኩ ለማሳየት መጀመሪያ ማን ምን እንደሚሠራ እንይ። የመኪናዋን ክብደት የሚሸከመው ሞላ ነው። ሾክ አብዞርበር፣ አንጋፋዎቹ መካኒኮች «አሞርተዛተር» የሚሉት፣ ክብደት አይሸከምም። የእሱ ሥራ ሞላው አንዴ ከተጨመቀ በኋላ ሲወዛወዝ እንዳይኖር መያዝ ነው። በውስጡ ያለው ዘይት በጠባብ ቀዳዳ እያለፈ ውዝዋዜውን ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። ሾኩ ሲሞት ሞላው ብቻውን ይቀራል፣ ጎማው ይነጥራል። የነጠረ ጎማ ደግሞ ለዚያች ቅጽበት መሬት አልነካም ማለት ነው። መሬት ያልነካ ጎማ ፍሬን አይዝም፣ መሪም አይታዘዝም። ስለዚህ ሾክ የምቾት ዕቃ ብቻ ነው የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አትስሙት። የፍሬን ግማሽ አካል ነው።

አሁን ወደ እኔ ጥፋት ልመለስ። በሞላ መሀል የሚሰካው ጎማ ምን ያደርጋል? ከሞላው ዙሮች አንዱን ወይም ሁለቱን እንዳይሠሩ ይቆልፋቸዋል። የቀሩት ዙሮች የሁሉንም ሥራ ይሸከማሉ። ሞላው ይደርቃል፣ ውሎ አድሮም ጎማው በተሰካበት ቦታ ሊሰበር ይችላል። በሾኩ ራስ ላይ የሚታሰረው ወፍራም ማስነሻስ? እሱ ሞላውን አያደርቅም።  ከካምቢዮ ወደ ጎማ የሚሄደው ሲቪ ጆይንት ግን ከልክ በላይ ተጣሞ ስለሚዞር ቶሎ ያልቃል። ሞላ አስቆርጠው ዝቅ የሚያስደርጉት ወጣቶችም ከእኔ የተሻሉ አይደሉም። የተቆረጠ ሞላ ይደርቃል፣ ሾኩ የሚጫወትበት ቦታ ያጥራል፣ መኪናዋ በተነሳች ቁጥር ሞላው ከመቀመጫው ሊወጣ ይችላል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይሄ ነው።

«አንተ ደግሞ! ሰፈራችን ኮብልስቶን ነው፣ ብሬከሩ እንደ ግንብ ተሠርቷል፣ ሆዷ እየመታ ምን ላድርግ?» የሚል ይኖራል። እውነቱን ነው። ዋናዎቹ ጎዳናዎች በኮሪደር ልማቱ ቢስተካከሉም ማናችንም አስፋልት ላይ አናድርም፤ ወደ ቤታችን የሚያስገባው መንገድ የምናውቀው ነው። ግን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ፤ መኪናችሁ ስትገዛም እንዲህ ዝቅ ያለች ነበረች? ሞላ በዓመታት ብዛት ይተኛል። ብዙ ጊዜ «ዝቅ ያለች መኪና» የምንለው ሞላዋ የተኛባት መኪና ናት። ትክክለኛ ልኬት ያለው አዲስ ሞላ ሲገባላት የጠፋው ቁመቷ በራሱ ይመለሳል። ከዚያም በላይ ከፍታ የግድ ካስፈለገ ለዚያው ተብሎ የተሠራ ሞላ ከሚስማማው ሾክ ጋር አለ። ውድ ነው፤ ሲጠራቀም ይገዛል።

እንግዲህ ገንዘቡ ትንሽ ነው ብለን ቅደም ተከተሉን እናውጣ።

አንደኛ ጎማ ነው፣ ይህም በነፃ ይጀምራል። መንገዱን መጀመሪያ የሚነካው እሱ ነው። በአሽከርካሪው በር ምሰሶ ላይ የተለጠፈውን የአየር መጠን አንብቡና በዚያ ልክ አስሞሉ። ጎሚስታው በልማድ ከዚያ በላይ ከሞላው መኪናችሁ የምትደርቀው በሾክ ችግር አይደለም። ቸርኬ ለማሳመር ብላችሁም አትቸኩሉ። 165/70 14 ጎማ ከመሬት እስከ ቸርኬው 115 ሚሊ ሜትር ያህል ግድግዳ አለው። 195/50 15 ስታደርጉት ወደ 97 ይወርዳል። ያ የቀነሰው ሁለት ሴንቲ ሜትር ትራስ ነበር። ጉድጓድ ላይ የሚሰነጠቀው ቸርኬ ዋጋውን ያስከፍላችኋል።

ሁለተኛ ጎሚኒዎቹና መገጣጠሚያዎቹ ናቸው። «ቋ ቋ» የሚል ድምፅ ሲሰማ ወዲያው «ሾክ አልቋል» ይባላል። ብዙ ጊዜ ግን ድምፁ የሚመጣው ካለቀ ስታብላይዘር ሊንክ ወይም ከተቀደደ ጎሚኒ ነው፣ ዋጋው ከሾክ ጋር አይወዳደርም። ሾክ ከማስቀየራችሁ በፊት መኪናዋ በክሪክ ተነስታ እነዚህ ይፈተሹ። ቦል ጆይንት ከላላ ግን ለነገ የሚባል አይደለም፤ ሲወልቅ ጎማው አብሮ ይተኛል።

ሦስተኛ ሾክ አብዞርበር ነው። ወደ 80,000 ኪሎ ሜትር ከተነዳ ጀምሮ ማስፈተሽ ይመከራል፤ በእኛ መንገድ ደግሞ ቀደም ቢባል አይከፋም። መኪናዋን በእጅ ተጭኖ ስንት ጊዜ ነጠረች ብሎ መቁጠር የለመድነው ዘዴ ነው፤ ጨርሶ የሞተውን ያሳያል፣ ግማሽ የሞተውን ግን ይደብቃል። የተሻለው ምልክት ሌላ ነው። ሾኩ ገላ ላይ ዘይት አለ? ጎማው እንደ ሞገድ ከፍ ዝቅ እያለ ተበልቷል? ፍሬን ስትይዙ አፍንጫዋን ትደፋለች? ከተገኘ በጥንድ ይቀየር፤ ሁለቱም የፊት፣ ወይም ሁለቱም የኋላ። አንዱን ብቻ መቀየር አንድ እግር አዲስ፣ አንድ እግር አሮጌ ጫማ አድርጎ እንደ መሮጥ ነው። ገንዘቡ ለአራቱ ካልበቃ ዘንድሮ በጣም የደከሙትን ሁለቱን፣ ሌላ ጊዜ የቀሩትን። የቪትዝ የፊት ሾክ ሞላው በላዩ ላይ ስለሚቀመጥ የእጅ ዋጋው ይበዛል፤ ስለዚህ አንዴ ሲፈታ የራሱን ኩሽኔታና አቧራ መከላከያውን አብራችሁ ቀይሩ። የኋላው ሾክ ከሞላው ተለይቶ ስለሚታሰር ሥራው ቀላል ነው።

አሁን ወደ ሶማሌ ተራ እንሂድ። እዚያ ሁልጊዜ የሚነሳ ክርክር አለ፤ «ያገለገለ ኦርጅናል ይሻላል ወይስ አዲስ ፌክ?» ለሎወር አርም፣ ለቸርኬ፣ ለብረት ነገር ያገለገለ ኦርጅናል እመርጣለሁ። ለሾክና ለጎሚኒ ግን ሁለቱንም አልመርጥም። ሾክ የሚያልቅ ዕቃ ነው፤ ያገለገለ ሾክ መግዛት የሌላውን ሰው ያለቀ ዕድሜ መግዛት ነው። ጎሚኒ ደግሞ ሳይሠራም በዓመታት ብዛት ይደርቃል። ታዋቂ ስም የታተመበት ካርቶን ሁሉም እውነተኛ አይደለም። ስለዚህ መካከለኛ ዋጋ ያለው፣ ደረሰኝና ዋስትና የሚሰጥ ሻጭ ጋ ያለ አዲስ ዕቃ ከሁለቱም ይሻላል። ደረሰኝ አልሰጥም የሚል ሰው መልሱን ራሱ ነግሯችኋል።

ጥሩ ዕቃ በመጥፎ እጅ ይሞታል። ቪትዜን የፈታልኝ አንጋፋ መካኒክ ያስተማሩኝን ልንገራችሁ። «ጋሼ፣ ይሄን ያህል ለምን ይጠነቀቃሉ?» ብላቸው «አንተ ልጅ፣ እኔ እኮ ጣቴን እወደዋለሁ» አሉኝ። ሞላውን የሚፈቱት በመጭመቂያው እንጂ በሽቦ አስረው አይደለም፤ የታመቀ ሞላ ሲያመልጥ ሰው ይገድላል። የሾኩን የሚያብረቀርቅ ዘንግ በፒንሳ አይነኩትም፤ አንዲት ጭረት የዘይት መያዣውን ትቀደዋለች። አዲሱን ሾክ ከመግጠማቸው በፊት አቁመው ደጋግመው ይጨምቁትና ይለቁታል፣ አየሩ እንዲወጣ። የጎሚኒዎቹን ቡሎን ደግሞ መጨረሻ የሚያጠብቁት መኪናዋ መሬት ላይ በራሷ ክብደት ስትቆም ነው። በአየር ላይ እንደተንጠለጠለች ከጠበቀ ጎሚኒው ተጠምዝዞ ይቀራልና በወራት ውስጥ ይቀደዳል። ከዚያ በኋላ አላይመንት። እናንተም መካኒካችሁን «ቡሎኑን መቼ ነው የምታጠብቀው?» ብላችሁ ጠይቁት። መልሱ ብዙ ይነግራችኋል።

ከጋራዥ የሚወጣም ጉዳይ አለ። ዘይት የሚያፈስ ሾክና በጎማ የተሞላ ሞላ ይዛ መኪናዬ ለቦሎ ዓመታዊ ምርመራ ቀርባ ነበር። አለፈች። መብራት ታየ፣ ፍሬን ታየ፣ እግሯን ጎንበስ ብሎ ያየ ሰው አልነበረም። የምርመራ ጣቢያውን ስም አልጠራም፤ ጉዳዩ የአንድ ጣቢያ አይመስለኝም። ፍሬን የሚመረምር፣ ፍሬኑ መሬት እንዲይዝ የሚያደርገውን ዕቃ ካልመረመረ ግማሽ ሥራ ነው የሠራው። አሮጌ መኪና ይዘን እንድንቆይ ያደረገ ፖሊሲ ካለ፣ አሮጌው መኪና ሰው እንዳይገድል የሚያደርግ ምርመራም አብሮ ሊኖር ይገባል። ይህ እየገቡ ላሉት የኤሌክትሪክ መኪኖችም ይሠራል። ቪትዝ 1 ቶን ገደማ ናት፤ ከተማውን የሞሉት ትልልቆቹ የኤሌክትሪክ መኪኖች ባትሪ ተሸክመው ሁለት ቶን ይደርሳሉ። ያ ክብደት በዚሁ ኮብልስቶን ላይ ነው የሚሄደው። ዛሬ የቪትዝ ሾክ ካልመረመርን ነገ የእነሱን አንመረምርም።

እኔ ጎማዎቹን አስወጣሁ፣ አራት ሞላና ሁለት የፊት ሾክ አስገባሁ፣ የኋላዎቹን ከሁለት ወር በኋላ ቀየርኩ። መኪናዬ አላማረችም፣ ማንም ዞር ብሎ አያያትም። ብሬከር ላይ ቀስ እላለሁ፣ አሁንም አንዳንዴ ሆዷ ይነካል። ፍሬን ስይዝ ግን ትቆማለች። በዚያ ቁልቁለት በወረድኩ ቁጥር እንጨት የተሸከሙ እናቶች አያለሁ። «ምነው ልጄ?» ያሉኝ ከመካከላቸው የትኛዋ እንደሆኑ አልለይም። ስለዚህ ለሁሉም ቀስ እላለሁ።

እናንተስ በመኪናችሁ እግር ላይ ምን ሠርታችሁ ተጸጸታችሁ? ጻፉልኝ። ቸር እንሰንብት።