እምቢታ የወለደው የውድድር ዘመን

“የሴቶች ስፖርት ተመልካች የለውም።” ይህ አባባል በብዙ አገር እንደ አስተያየት ሳይሆን እንደ ፍርድ ነው የሚቀርበው። ገንዘብ የማይመደበው ተመልካች ስለሌለ ነው ይባላል። ተመልካች የጠፋው ገንዘብ ስላልተመደበ ቢሆንስ ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ጥያቄውን በተግባር ከመለሱት አንዱ እ.ኤ.አ. በ2024 በካናዳና በአሜሪካ የተጀመረው የሴቶች ፕሮፌሽናል የበረዶ ሆኪ ሊግ ነው።

የመጀመሪያው ጨዋታ ጃንዋሪ 1 ቀን 2024 ቶሮንቶ ላይ ተካሂዶ ኒውዮርክ ቶሮንቶን 4 ለ 0 አሸነፈ። ሊጉ በጥድፊያ ስለተቋቋመ ቦስተን፣ ሚኒሶታ፣ ሞንትሪያል፣ ኒውዮርክ፣ ኦታዋና ቶሮንቶ የቡድን መጠሪያ እንኳ አልነበራቸውም። ተጫዋቾቹ የከተማቸው ስም ብቻ የተጻፈበት ማሊያ ለብሰው ገቡ። እንዲያም ሆኖ በመደበኛው ውድድር 72 ጨዋታዎች ከ390 ሺህ በላይ ሰው ተገኘ። ኤፕሪል 20 ሞንትሪያል ቶሮንቶን ባስተናገደችበት ቀን ደግሞ ቤል ሴንተር 21,105 ተመልካች ይዞ ነበር። በሴቶች የበረዶ ሆኪ ታሪክ እስከዚያ ቀን ይህን ያህል ሰው በአንድ ጨዋታ ታድሞ አያውቅም።

ይህ ሁሉ ሕዝብ ከየት መጣ? በአንድ ክረምት አልተፈጠረም። ቀድሞም ነበር፤ ያልነበረው ጨዋታውን በትልቅ አዳራሽ፣ በቴሌቪዥንና በተሟላ ዝግጅት የሚያቀርብለት ሊግ ነው።

ከዚያ በፊት የነበረውን ማስታወስ ያስፈልጋል። በ2007 የተመሠረተው የካናዳ የሴቶች ሊግ ለአሥር ዓመት ያህል ለተጫዋቾቹ ደመወዝ አልከፈለም። በኋላ መክፈል ሲጀምርም በዓመት ከ2,000 እስከ 10,000 የካናዳ ዶላር ነበር። በ2015 በአሜሪካ የተቋቋመው ሌላው ሊግ ቢያንስ 10,000 ዶላር እከፍላለሁ ብሎ ተነሣ፤ በሁለተኛው ዓመት ውድድሩ እየተካሄደ ሳለ ደመወዙን እስከ ግማሽ ቆረጠ። ብዙዎቹ ተጫዋቾች ቀን ሌላ ሥራ እየሠሩ ማታ ይለማመዱ ነበር። በማርች 2019 ካልጋሪ የካናዳውን ዋንጫ ባነሣች በሳምንቱ ሊጉ መዘጋቱን አስታወቀ።

ቀላሉ መንገድ ወደቀረው ሊግ መግባትና የተሰጠውን መቀበል ነበር። በኦሊምፒክ ወርቅ ያጠለቁትን ጨምሮ ከ200 በላይ ተጫዋቾች ግን ሌላ መንገድ መረጡ። ሜይ 2 ቀን 2019 በጋራ ባወጡት መግለጫ፣ የሚገባቸው ክፍያና አደረጃጀት እስኪሟላ በሰሜን አሜሪካ በየትኛውም ሊግ እንደማይጫወቱ አሳወቁ። ከተማ ለከተማ እየዞሩ የማሳያ ጨዋታ በማድረግ ዓመታትን አሳለፉ። ለስፖርተኛ አራት ዓመት ረጅም ዕድሜ ነው፤ አንዳንዶቹ የተሻለውን ቀን ሳያዩ ጫማቸውን ሰቀሉ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው እንዲህ ያለውን ነው፤ አንድ ኮከብ ብቻዋን እምቢ ብትል ሌላ ትተካ ነበር።

ውጤቱ በወረቀት ላይ ታየ። በ2023 ባለሀብቱ ማርክ ዋልተርና የቴኒስ ባለታሪኳ ቢሊ ጂን ኪንግ አዲሱን ሊግ ሲያቋቁሙ፣ ገና አንድ ጨዋታ ሳይደረግ እስከ 2031 የሚዘልቅ የኅብረት ስምምነት ተፈረመ። የደመወዝ ወለሉ 35,000 ዶላር ሆነ፤ በእያንዳንዱ ቡድን ቢያንስ ስድስት ተጫዋቾች 80,000 ዶላርና ከዚያ በላይ እንዲከፈላቸው ተወሰነ።

ድሉ ያለ ዋጋ አልመጣም። ተፎካካሪው ሊግ ተገዝቶ ሲዘጋ የተጫዋቾቹ ውል ፈረሰ፤ ስድስት ቡድን ሁሉንም ሊይዝ ስለማይችል ብዙዎች ቦታ አጡ። የቡድኖቹ ሁሉ ባለቤት አንድ ወገን መሆኑም ያሰጋል፤ ያ ወገን ፊቱን ቢያዞር ሊጉ ሌላ መጠጊያ አይኖረውም። 35,000 ዶላርም በቦስተን ወይም በቶሮንቶ ኑሮ ብዙ አያራምድም።

“ይህ የባለሀብት ችሮታ እንጂ ንግድ አይደለም” የሚሉ አሉ። እነሱ የወንዶቹን ታሪክ ቢያዩ ይበጃል። ዛሬ በቢሊዮን የሚንቀሳቀሰው የወንዶች ሊግ በ1917 በአራት ቡድን ተጀመረ። በጃንዋሪ 1918 የሞንትሪያል አዳራሽ ሲቃጠል አንዱ ቡድን ወጣ፣ ውድድሩም በሦስት ቡድን ተጠናቀቀ። ለወንዶቹ ጅምር የተሰጠው ትዕግሥት ለሴቶቹ ሲሆን ለምን ችሮታ ይባላል?

በሜዳውም ግምት ሲፈርስ ታይቷል። አንደኛ የወጣችው ቶሮንቶ በደንቡ መሠረት የጥሎ ማለፍ ተጋጣሚዋን የመምረጥ መብት ነበራት፤ አራተኛዋን ሚኒሶታን መረጠች። 2 ለ 0 ከመራች በኋላ 3 ለ 2 ተሸነፈች። ሜይ 29 ሚኒሶታ ቦስተንን በአምስተኛው ጨዋታ ረትታ ዋንጫውን ወሰደች። ያነሣችው አምበሏ ኬንዳል ኮይን ስኮፊልድ በ2019 እምቢ ካሉት አንዷ ናት። ከአንድ ዓመት በኋላም ሊጉ ቫንኩቨርንና ሲያትልን ጨምሮ ወደ ስምንት ቡድን እንደሚያድግ ታወቀ።

ስለዚህ አንድ የፌዴሬሽን ኃላፊ፣ አዲስ አበባም ይሁን ሌላ ከተማ፣ “ተመልካች የለም” ሲል ቀድሞ ሊመልሳቸው የሚገቡ ጥያቄዎች አሉ። ጨዋታው በስንት ሰዓትና የት ነው? ማን ያስተላልፈዋል? ተጫዋቿ ደመወዟን በወሩ ታገኛለች? እነዚህ ሳይሟሉ የተቆጠረ ባዶ ወንበር ስለ ተመልካቹ የሚናገረው ነገር የለም።