ሰላም በውሳኔ ወረቀት ብቻ አይጠበቅም

ዓለም አቀፍ ድርጅቶች ለሰላም ጥበቃ ያላቸው ሚና ሲነሣ፣ ሰፊው ሕዝባችን የሚናገረው በደሙ የተማረውን ነው። አገራችን በ1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን፣ በአንዱ አባል ላይ የተፈጸመ ወረራ በሁሉም ላይ እንደተፈጸመ ይቆጠራል የሚል ቃል ነበር። ፋሽስት ኢጣሊያ በመስከረም 1928 ዓ.ም. በወረረችን ጊዜ ግን፣ ማኅበሩ የጣለው ማዕቀብ ነዳጅ ዘይትን አልጨመረም፤ የሱዌዝ ቦይም ለወራሪው መርከቦች ክፍት ሆኖ ቆየ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ማዕቀቡ ጭራሹን ተነሣ።

ጄኔቭ የተወችውን አደራ የተሸከመው የጅባትና ሜጫ አርበኛ ነው። ከጊንጪ አካባቢ የተነሣው ወጣቱ ጃገማ ኬሎና የትግል ጓዶቹ እስከ 1933 ዓ.ም. ድል ድረስ ወራሪውን እረፍት ነሡት።

ከዚህ ተነሥተን ድርጅቶች ከንቱ ናቸው አንልም። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በአፍሪካ ኅብረት አደራዳሪነት በፕሪቶሪያ የተፈረመው ስምምነት የሁለት ዓመቱን የሰሜን ጦርነት አስቁሟል። ይሁን እንጂ የጸጥታው ምክር ቤት ውሳኔ ዛሬም በአንድ ቋሚ አባል ድምፅ ብቻ ሊታገድ ይችላል።

ስለዚህ የአምቦ፣ የጉደርና የጊንጪ ሠራተኞችና የሠፈር ማኅበር አባላት አንድ ነገር አጥብቀን እንያዝ፦ ዓለም አቀፍ ድርጅት የሕዝብን ንቃትና አንድነት ይደግፋል እንጂ አይተካም። ሰላም ከደጃችን ይጀምራል!