የባህር አረም እናምርት ወይ ለምትሉኝ

ሴቶች ባህር ውስጥ ቆመው አረም በገመድ ሲያስሩ የሚያሳየውን ቪዲዮ እየተቀባበላችሁት ነው መሰለኝ፣ "እኛ ጋ አይሆንም ወይ?" ብላችሁ በውስጥ መስመር የጻፋችሁልኝ በዝታችኋል።

አይሆንም። ተክሉ ጨዋማ የባህር ውሃ ይፈልጋል፤ ጣናም ሆነ የመስኖ ኩሬያችሁ አያበቅለውም። እምቦጭም ዘመዱ አይደለምና እባካችሁ "እንሞክረው" ብላችሁ ወደ ኩሬ እንዳታስገቡት።

ግን ስለ ሥራው ላውራችሁ። የታንዛኒያዋ ደሴት ዛንዚባር ይህን ለገበያ ማምረት የጀመረችው በፈረንጆቹ 1980ዎቹ መጨረሻ ነው፤ አብዛኞቹ አምራቾች ሴቶች ናቸው። ባህሩ ሲሸሽ አሸዋው ላይ ችካል ይተክላሉ፣ ገመድ ይወጥራሉ፣ የአረሙን ቁራጭ እያሰሩ ይሄዳሉ። ማዳበሪያ የለ፣ በሬ የለ! በ6 ሳምንት ገደማ ይደርሳል፤ ፀሐይ ላይ አድርቀው ይሸጡታል። ውጭ አገር ሄዶ የጥርስ ሳሙናና አይስክሬም ማወፈሪያ ይወጣዋል።

ቪዲዮው የማያሳየው ዋጋውን ነው። በጥሬው ለጥቂት ገዢዎች ስለሚሸጡት ዋጋ ቆራጩ ገዢው ነው። የተሻለ የሚያወጣው ዝርያ ደግሞ ውሃው ሲሞቅ እየታመመ ሞተባቸው፤ በብዛት የቀራቸው ርካሹ ነው። አንዳንዶቹ ፈጭተው ሳሙና መሥራት የጀመሩት ወደው አይደለም።

ይሄ ሽንኩርታችንን አላስታወሳችሁም? ባለፈው በጋ ሁላችሁም ባንድ ሳምንት ነቀላችሁ፣ አንድ ደላላ መኪና ይዞ መጣ፣ የጠራውን ተቀበላችሁ። እኔም በሄክታር ስንት ኩንታል እያልኩ ስጨቀጭቃችሁ ከርሜ፣ ማን ይገዛዋል ብዬ አንድ ቀን አልጠየቅኳችሁም። ጥፋቱ የእኔም ነው።

ስለዚህ በእኔ አስተያየት ዘንድሮ ከአዲስ ተክል በፊት የሽያጩን ነገር እንነጋገር። በአንድ ቦይ የምትጠጡ ጎረቤቶች ችግኝ የምታፈሉበትን ቀን ብታለያዩ ምርቱ ባንድ ቀን ገበያ አይወርድም። ከመንቀላችሁ ሁለት ሳምንት ገደማ በፊት ውሃ አቁሙ፤ አንገቱ በደንብ የደረቀ ሽንኩርት አየር በሚያገኝ ቆጥ ላይ ይቆይላችኋል፣ ደላላውም ይበሰብስባቸዋል ብሎ አያስፈራራችሁም። ከተማ ያሉ ልጆቻችሁም የዕለቱን ዋጋ በስልክ ይንገሯችሁ።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ማሰልጠኛ ማዕከሉ ጋ እጠብቃችኋለሁ። መቼ ለማፍላት እንዳሰባችሁ ይዛችሁ ኑ፣ ቀኑን አብረን እንደለድላለን።