ድምፅ በአማላጅ አይሰጥም

የማኅበራችን ፕሬዚዳንት በተማሪው ሁሉ ድምፅ መመረጡ ቀርቶ በየክፍሉ ተወካዮች ይመረጥ የሚል ሐሳብ በመካከላችን ይነገራል። ደጋፊዎቹ ሁለት ምክንያት ያቀርባሉ። አንደኛው፥ ተወካዮች ከብዙኃኑ ይልቅ አመዛዝነው ይመርጣሉ የሚል ነው። ሁለተኛው፥ ተወካዩን የሚመርጠው ተማሪው ራሱ ስለሆነ በመጨረሻ የሚሾመው ያው የብዙኃኑ ሰው ነው የሚል ነው። እኛ ሁለቱንም አንቀበልም። የማንቀበለውም በስሜት ተነሣሥተን ሳይሆን ነገሩ አስቀድሞ ተሞክሮ ያስከተለውን አይተን ነው።

በአሜሪካ በኢሊኖይ ግዛት በ1858 እ.ኤ.አ. የተደረገውን ምርጫ እንመልከት። በዚያ ዘመን የሕግ መወሰኛ ምክር ቤቱን አባል የሚመርጠው የግዛቱ ምክር ቤት እንጂ ሕዝቡ አልነበረም። ወንበሩን ከ1847 ጀምሮ የያዘው ዴሞክራቱ ስቴፈን ዳግላስ ነበር፤ ሊነጥቀው የተነሣውም ሪፐብሊካኑ አብርሃም ሊንከን። ሊንከን በአደባባይ እንከራከር አለ፤ ዳግላስም እሺ አለ። በሰባት ከተሞች እየተገናኙ ባርነት ወደ አዳዲሶቹ አገሮች ይስፋፋ ወይስ ይገታ በሚለው ጉዳይ ላይ በየጊዜው ሦስት ሦስት ሰዓት ተሟገቱ። ሕዝቡም ቆሞ ሰማ፤ ፈረደም።

ፍርዱ ግን የት ደረሰ? የሊንከን ወገን እጩዎች በጠቅላላው የበለጠ የሕዝብ ድምፅ አገኙ። በጃንዋሪ 1859 ምክር ቤቱ ሲሰበሰብ ግን ዳግላስ 54 ለ46 አሸነፈ። ይህ የሆነው ኮሮጆ መገልበጥ ሳያስፈልግ ነው። የምክር ቤቱ ወንበሮች የተደለደሉት በ1850 የሕዝብ ቆጠራ ስለነበር፥ ከዚያ ወዲህ ሕዝቡ የበዛበትና ሪፐብሊካኖችን የሚደግፈው ሰሜኑ ክፍል የሚገባውን ያህል ወንበር አልነበረውም። ከዚህም በላይ ከላይኛው ምክር ቤት 25 አባላት 13ቱ በዚያ ዓመት ለምርጫ አልቀረቡም፤ ከነዚህም 8ቱ የዳግላስ ወገን ነበሩ። የመራጩ ድምፅ «ላም አለኝ በሰማይ፥ ወተቷንም አላይ» ሆነ።

ተወካዮቹስ አመዛዘኑን? አላመዛዘኑም። ዴሞክራቱ ሁሉ ለዳግላስ፥ ሪፐብሊካኑ ሁሉ ለሊንከን ድምፁን ሰጥቶ ተበተነ። ጥቂቶችን መግዛት ደግሞ ብዙዎችን ከመግዛት ይቀላል። በዚያው በኢሊኖይ ምክር ቤት በ1909 የተመረጠው ዊሊያም ሎሪመር፥ ምርጫው በጉቦ የተበከለ ነው ተብሎ በ1912 ከወንበሩ ተነሥቷል። በ1913 አሜሪካኖች ሕገ መንግሥታቸውን አሻሽለው ምርጫውን በቀጥታ ለሕዝቡ ሰጡ።

የ1858ቱን ምርጫ እንከን የለሽ አናደርገውም። ድምፅ የሚሰጡት ነጮች ወንዶች ብቻ ነበሩ፤ ሊንከን ራሱ በቻርልስተን ከተማ ጥቁሮች መራጭ ይሁኑ እንደማይል ተናግሯል። ከቆጠራው ውጭ የተደረገ ሰው ከክርክሩም ውጭ ይደረጋል፤ ትምህርቱ ይኸው ነው።

ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ ብቻም አይደለም። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 61 የፌዴሬሽን ምክር ቤት አባላትን የክልል ምክር ቤቶች ራሳቸው እንዲመርጡ፥ ወይም ሕዝቡ በቀጥታ እንዲመርጥ እንዲያደርጉ ሁለቱንም በር ክፍት ትቷል። ዛሬ በማኅበራችን አማላጅን የለመደ ተማሪ ነገ በአገሩ ጉዳይ ቀጥተኛውን በር ያንኳኳል ብለን አናምንም።

በቀጥታ ምርጫ ጯሂ ሊመረጥ ይችላል፤ የወንዜ ልጅ የሚባለውም ነገር ሊገባ ይችላል ይሉናል። እውነት ነው፤ ይችላል። መድኃኒቱ ግን ክርክር እንጂ የመራጩን አፍ መዝጋት አይደለም። አሸናፊው የታወቀ ነውና መወዳደር ከንቱ ነው ለሚሉም፥ የተሸነፈው ሊንከን ክርክሩ በመላ አገሪቱ ስላሳወቀው በ1860 ፕሬዚዳንት ሆኖ መመረጡን እናስታውሳቸዋለን።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንጠይቃለን። ፕሬዚዳንቱ በተማሪው ቀጥተኛ ድምፅ ይመረጥ። የማኅበሩ ምክር ቤት ወንበር በዘንድሮው የተማሪ ቁጥር ይደልደል። ሥልጣን ላይ ያለውም ሆነ ተፎካካሪው በየአዳራሹ ቀርበው ይከራከሩ፤ መምህራኖቻችንም መድረኩን በገለልተኝነት ይምሩልን። ዳግላስ ወንበሩን ይዞ ከተፎካካሪው ጋር መቆምን አልፈራም። የኛዎቹስ ምን ያስፈራቸዋል?