ከሰቆጣ እስከ አዲስ አበባ፦ የበረራ ርቀትና የጉዞ ጊዜ ልዩነት

በዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር የሚኖሩ ዜጎች ለከፍተኛ ሕክምና፣ ለፍርድ ቤት ቀጠሮ ወይም ለፌዴራል ተቋማት አገልግሎት ወደ አዲስ አበባ ሲጓዙ የሚወስድባቸው ጊዜ በትኬታቸው ላይ ከሚያነቡት እጅግ የተለየ ነው። ልዩነቱ ካልታሰበበት ቀጠሮ ያሳልፋል፤ ተደጋጋሚ ወጪም ያስከትላል።

ሰቆጣ መደበኛ የመንገደኞች በረራ ስለሌላት ለከተማዋ ቅርብ የሆነው የላሊበላ አውሮፕላን ማረፊያ ነው። ከላሊበላ እስከ ቦሌ ያለው የአየር ርቀት 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አውሮፕላን በሰዓት 600 ኪሎ ሜትር ቢበር ይህ ርቀት 33 ደቂቃ ብቻ በወሰደ ነበር። ሆኖም መንደርደር፣ ከፍታ መያዝ፣ ፍጥነት ቀንሶ መውረድና እስከ መቆሚያው መጓዝ ስለሚጨመሩ ቀጥታ በረራው አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል። በሌላ ከተማ አርፎ የሚያልፍ በረራ ደግሞ ከዚህ ይረዝማል።

ትልቁ ጊዜ የሚጠፋው ግን በምድር ላይ ነው። ከሰቆጣ እስከ ላሊበላ በቀጥታ መስመር ሲለካ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ተራራና ሸለቆ እየዞረ የሚሄደው መንገድ ከ100 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። 100 ኪሎ ሜትሩ በሰዓት በአማካይ 30 ኪሎ ሜትር ቢነዳ 3 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ይፈልጋል። ከበረራ በፊት 2 ሰዓት ቀድሞ መገኘትና የበረራው 1 ሰዓት ሲደመሩ ጉዞው ከ6 ሰዓት በላይ ይሆናል። በአንጻሩ የመንገዱ አማካይ ፍጥነት ወደ 50 ኪሎ ሜትር ቢያድግ 1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ይተርፋል። ይህም ከበረራው ጊዜ ይበልጣል። ስለዚህ የአካባቢውን ነዋሪ ጉዞ ይበልጥ የሚያሳጥረው የአውሮፕላኑ ፍጥነት ሳይሆን የመንገዱ ደረጃ መሻሻልና አገልግሎቶች ወደ ነዋሪው መቅረባቸው ነው።

እስከዚያው ድረስ ተጓዦች የሚከተሉትን እንዲያጤኑ ይመከራል፦

• በትኬት ላይ የሚሰፍረው ሰዓት ከእኩለ ሌሊት የሚጀምር የ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው። 10:30 ማለት ከጠዋቱ 4:30፣ 15:00 ማለት ከቀኑ 9:00 ነው።
• የአውሮፕላን ማረፊያው ከላሊበላ ከተማ ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚርቅ ለዚህም ጊዜ መያዝ ያስፈልጋል።
• የጠዋት በረራ ያላቸው ከዋዜማው ላሊበላ ቢያድሩ፣ ቀጠሮአቸውም በበረራው ማግሥት ቢሆን ይመረጣል።
• በ2015 ዓ.ም. ክረምት በጸጥታ ችግር ምክንያት ወደ ላሊበላ የሚደረገው በረራ ተቋርጦ እንደነበር ይታወሳል። በመሆኑም ከሰቆጣ ከመነሣት በፊት በረራው መኖሩንና የመንገዱን ሁኔታ ማረጋገጥ ያሻል።
• የታደሰ መታወቂያ መያዝ ግዴታ ነው።